የቤት ሠራሽ አውሮፕላን ሞተር አቀዛቀዝ

የቤት ሠራሽ አውሮፕላን ሞተር አቀዛቀዝ ማለት በፋብሪካ ሳይሆን በግለሰብ እጅ በተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሞተሩ የሚያመነጨውን ትርፍ ሙቀት በአየር ፍሰት የማስወገድ ሥራ ነው። ለዚህ ተብሎ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር አውሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚጎትት ኃይል ይፈጥራል፤ ይህም «የማቀዝቀዣ ጉተታ» ይባላል። የንድፉ ዋና ጥያቄ ሞተሩን ከአደገኛ ሙቀት እየጠበቁ ይህን ጉተታ እንዴት መቀነስ እንደሚቻል ነው። ሞተሩ ሲግል ብዙ ጀማሪ ሠሪዎች መጀመሪያ የሚያስቡት የአየር መግቢያውን ማስፋት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የሚገኘው በሞተሩ ሽፋን (ኮፈን) ውስጥና በአየሩ መውጫ ላይ ነው።

አውሮፕላንን በቤት መሥራት በስፋት የተለመደው በአሜሪካ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ፖል ፖበረዝኒ በሚልዋኪ ከተማ የሙከራ አውሮፕላን ማኅበርን ከመሠረተ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመኪና ማቆሚያቸውና በትንንሽ ሃንጋሮች አውሮፕላን ሠርተዋል። የአገሪቱ ደንብ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሆነውን በግል ሠሪዎች እንዲከናወን ይጠይቃል። የፋብሪካ አውሮፕላን አቀዛቀዝ በመሐንዲሶች ተፈትኖ ይጸድቃል፤ በቤት ሠራሹ ላይ ግን ኮፈኑን የቆረጠውም፣ የሚፈትነውም፣ ብዙ ጊዜ የሚያበረውም ያው አንድ ሰው ነው።

የሙቀቱ መጠን

የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ወደ ፕሮፔለሩ የሚያደርሰው ሢሶ ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰውን ነው። ትልቁ ድርሻ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው በሲሊንደሮቹ፣ በሲሊንደር ራሶቹ (ቴስታታ) እና በዘይቱ በኩል መወገድ አለበት። ለግምት ያህል፣ ለማቀዝቀዣው አየር የሚሰጠው ሙቀት ሞተሩ ለፕሮፔለሩ ከሚሰጠው አቅም ግማሽ ያህል ይሆናል።

በቤት ሠራሽ አውሮፕላኖች ዘንድ የተለመደውን ላይኮሚንግ ኦ-320ን እንውሰድ። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ ይዘቱ 5.2 ሊትር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ዓይነት በ75 በመቶ አቅሙ ሲሠራ 90 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ 45 ኪሎዋት ያህል ሙቀት በአየር መወሰድ አለበት። ይህ ከ10 የሚበልጡ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ የሚያወጡት ሙቀት ሲሆን፣ የሚወጣው ከአንድ ጠረጴዛ ብዙም ከማይበልጥ ቦታ ነው።

ላይኮሚንግ ለሲሊንደር ራስ የሚፈቅደው ከፍተኛ ሙቀት 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሞተሩ ዕድሜው እንዲረዝም ግን በከፍተኛ የጉዞ አቅም ከ224፣ በቁጠባ ጉዞ ደግሞ ከ204 ዲግሪ በታች እንዲሆን ይመክራል። የሲሊንደር ራሱ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል። ከዚህም በላይ እጅግ በጋለ ሲሊንደር ውስጥ የነዳጁና የአየሩ ድብልቅ ሥርዓቱን ጠብቆ በመንደድ ፋንታ በድንገት ሊፈነዳ ይችላል፤ ይህም ፒስተኑን በአጭር ጊዜ ሊበሳ ይችላል።

አስጊው ጊዜ የመጀመሪያው በረራ ነው። አዲስ ሞተር የፒስተን ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመዱ ድረስ በከፍተኛ አቅም መሥራት ይኖርበታል፤ በዚያው ጊዜም ከተለመደው የበለጠ ሙቀት ያወጣል። አብራሪው ገና በማያውቀው አውሮፕላን ላይ ሆኖ በዝግታ ሽቅብ እየወጣ፣ አቅም ቀንሶ ሞተሩን ያብርድ ወይስ ከፍታ ይያዝ የሚለውን መወሰን ይገደዳል። ምንም እንኳ ስለ ማቀዝቀዣ ጉተታ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ፍጥነት ቢሆንም፣ በቅድሚያ መፈታት ያለበት ይህ ነው።

ጉተታው ከየት ይመጣል

አየር በአውሮፕላኑ ፍጥነት ገብቶ በዝግታ ከወጣ እንድርድሪቱን (የግዝፈቱንና የፍጥነቱን ብዜት) አጥቷል ማለት ነው፤ ያጣው ሁሉ ወደ ጉተታ ይለወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሰከንድ የሚያልፈው አየር ግዝፈት፣ በመግቢያና በመውጫ ፍጥነቱ ልዩነት ይባዛል።

ከላይ ላነሣነው ሞተር በሰከንድ 0.8 ኪሎግራም አየር ይበቃል እንበል፤ በዚህ መጠን አየሩ በ56 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል። አውሮፕላኑ በሰዓት 270 ኪሎሜትር (በሰከንድ 75 ሜትር) እየበረረ አየሩ ወደ ታች በቀጥታ፣ ማለትም ከጉዞው አቅጣጫ ጋር በማእዘን ቢወጣ፣ ጉተታው 60 ኒውተን ነው። ፕሮፔለሩ 80 በመቶ ውጤታማ ቢሆን ይህን ለማሸነፍ 7.5 ያህል የፈረስ ጉልበት ይጠፋል። አየሩ ወደ ኋላ ዞሮ በሰከንድ 25 ሜትር ቢወጣ ጉተታው 40 ኒውተን፣ ኪሳራውም 5 የፈረስ ጉልበት ይሆናል።

ይህን ምን ያህል መቀነስ ይቻላል? በዚህ ፍጥነት የሚመጣው አየር በባሕር ጠለል ላይ ሲቆም 3,450 ፓስካል ያህል የፍጥነት ግፊት ይሰጣል። በሲሊንደሮቹ የማቀዝቀዣ ሽንሽኖች መካከል ለማለፍ 1,240 ፓስካል ቢያወጣ፣ በመንገድ ምንም ሌላ ብክነት ከሌለ 2,200 ፓስካል ይቀረዋል። የሞቀ አየር እፍግታው ስለሚቀንስ ይህ ቀሪ ግፊት በሰከንድ ወደ 66 ሜትር ያስወነጭፈዋል። ጉተታውም ወደ 8 ኒውተን ይወርዳል፤ ይህም ከአንድ የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። ፍጹም የሆነ ኮፈን ስለሌለ ይህን ቁጥር ማንም አያገኘውም፤ ግን ሽንሽኖቹ በራሳቸው የሚጠይቁት ዋጋ ትንሽ መሆኑን፣ የቀረው ሁሉ የመንገዱ ብክነት መሆኑን ያሳያል።

ስድስት የፈረስ ጉልበት ማትረፍ በዚህ አውሮፕላን ፍጥነት ላይ የሚጨምረው በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ሽንሽኖቹን ሳይነካ በቀዳዳ የሚያመልጥ አየርም ያንኑ ጉተታ ይከፍላል። ግማሹ አየር የሚያመልጥ ከሆነ ሞተሩን ለማብረድ እጥፍ አየር ማስገባት ይጠይቃል፤ ኪሳራውም እጥፍ ይሆናል።

ታሪክ

በ1920ዎቹ የአውሮፕላን ሲሊንደሮች በግልጽ ነፋስ ላይ ተጋልጠው ይቀመጡ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የበረራ ምርምር ኮሚቴ (ናካ) በቨርጂኒያ ላንግሊ በሚገኘው የነፋስ ዋሻው ፍሬድ ዋይክ የመራውን የኮፈን ሙከራ አካሄደ። ክብ ሞተርን በሙሉ መሸፈንና አየሩን በውስጥ መምራት ጉተታውን በእጅጉ እንደሚቀንስ ታወቀ። በ1929 ፍራንክ ሆክስ ይህ ኮፈን በተገጠመለት ሎክሂድ ኤር ኤክስፕረስ አሜሪካን አቋርጦ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የአውሮፕላኑ ከፍተኛ ፍጥነትም ከ253 ወደ 285 ኪሎሜትር በሰዓት ከፍ ብሎ ነበር። ናካ ለዚሁ ሥራ የ1929ን የኮሊየር ሽልማት አገኘ።

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በፋርንቦሮ የሚሠራው ሜሬዲት በ1935 በጽሑፍ እንዳስረዳው፣ አየሩ እየሰፋ በሚሄድ መንገድ ዝግ ብሎ ራዲያተሩ ውስጥ ካለፈና ሞቆ በጠባብ መውጫ ከተወነጨፈ፣ የማቀዝቀዣው ጉተታ በአብዛኛው ሊካካስ ይችላል። ስፒትፋየርና በተለይም ፒ-51 ሙስታንግ ይህን ተጠቅመዋል። የሙስታንግ ራዲያተር እንደ ጄት ሞተር ይገፋ ነበር የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው፤ ያደረገው የራሱን ጉተታ አብዛኛውን ክፍል ማካካስ ነው።

የአየሩ መንገድ

መግቢያው ብዙ ጊዜ በፕሮፔለሩ እምብርት ግራና ቀኝ ይቀመጣል። ከንፈሩ ወፍራምና ክብ መሆን አለበት፤ ስለታም ከንፈር አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ አየሩን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። በምሳሌያችን አየሩ በመግቢያው ላይ በሰከንድ 30 ሜትር ቢፈስስ ሁለቱ መግቢያዎች በድምሩ 220 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይበቃቸዋል። መግቢያው ከዚህ ቢሰፋ አየሩ በመውጫው ስለሚወሰን ትርፉ ከፊት ተመልሶ ይፈስሳል እንጂ ሞተሩን አያበርድም።

ከመግቢያው በኋላ መንገዱ ቀስ በቀስ መስፋት ይገባዋል። ፍጥነት ወደ ግፊት የሚለወጠው እዚህ ነው። በድንገት ከሰፋ አየሩ ተላቅቆ ይሽከረከራል፤ ያ ጉልበት ዳግም አይገኝም። በቤት ሠራሾች ላይ ለዚህ የሚሆን ርዝመት ብዙ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ አንዳንዶች ከሲሊንደሮቹ በላይ ከፋይበርግላስ የተዘጋ ሳጥን ሠርተው መግቢያዎቹን በቀጥታ ከእርሱ ጋር ያገናኛሉ።

ከሳጥኑ ወይም ከላይኛው ክፍል አየሩ በሲሊንደሮቹ መካከል ወደ ታች ይወርዳል። ይህ እንዲሆን በሞተሩ ዙሪያ ባፍል የሚባሉ የአሉሚኒየም መከለያ ቆርቆሮዎች ይገጠማሉ። ባፍሉ ከኮፈኑ ጋር የሚገናኘው በሲሊኮን ጎማ ነው፤ ጎማው ግፊቱ ወዳለበት ጎን መታጠፍ አለበት፣ አለዚያ ግፊቱ ራሱ ገልብጦ ያልፋል። ሠሪዎች በጨለማ ሃንጋር ውስጥ ኮፈኑን ዘግተው በውስጡ መብራት በማብራት ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ጥቃቅን የሚመስሉ ክፍተቶች ሲደመሩ ከመዳፍ የሰፋ ቀዳዳ ሊሆኑ ይችላሉ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። የላይኮሚንግ ሲሊንደር ራስ በአንድ ጎኑ ያሉት ሽንሽኖች በጣም አጫጭር ናቸው። ባፍሉ በዚያ ጎን ተለጥፎ ከተገጠመ መተላለፊያውን ይዘጋዋል፤ በተለይ በሁለተኛው ሲሊንደር ፊትና በሦስተኛው ሲሊንደር ኋላ። አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ሲግል፣ መፍትሔው ባፍሉን በጥቂት ሚሊሜትር ማራቅ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሠሪዎች ትኩረት የሚነፍጉት የታችኛው ክፍል ነው። የጭስ ማውጫ ቧንቧዎች፣ የካርቡራተር ሳጥንና ሽቦዎች መንገዱን ይሞሉታል። ከሁሉ የከፋው ሞተሩን ከአብራሪው የሚለየው ግድግዳ ታችኛ ጠርዝ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው አየር እዚያ ስለታም ማእዘን ላይ ወደ ኋላ መዞር ይሳነዋል። ጠርዙን በክብ በታጠፈ ቆርቆሮ ማልበስ ርካሽና ውጤታማ ማሻሻያ ነው። መውጫው ራሱ አየሩን ከውጪው ፍሰት ጋር ትይዩ አድርጎ ሊለቅቀው ይገባል።

ሽቅብ በረራና ጉዞ

አውሮፕላኑ በሰዓት 150 ኪሎሜትር ሽቅብ ሲወጣ የፍጥነት ግፊቱ 1,060 ፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ ከጉዞው ሢሶ ያነሰ። ሞተሩ ግን ሙሉ አቅሙን እየሰጠ ነው። በምሳሌያችን ለጉዞ ፍጥነት የሚበቃው ሐሳባዊ መውጫ 120 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ለሽቅብ በረራ ግን ከዚህ ብዙ መስፋት አለበት። መውጫው ለሽቅብ በረራ ተለክቶ ከተተወ በጉዞ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ አየር ያሳልፋል።

ስለዚህ ምርጡ መፍትሔ ተንቀሳቃሽ የመውጫ በር ነው። በሩ ሲከፈት መውጫውን ከማስፋቱም በላይ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ፈጥሮ አየሩን ይስባል፤ ለጉዞ ሲዘጋ ፍሰቱን ቀንሶ የመውጫ ፍጥነቱን ይመልሳል። ክብደትና ውስብስብነት ስለሚጨምር ብዙ ቤት ሠራሾች ቋሚ መውጫ ይዘው ይበራሉ፤ ይህ ለቀላል አውሮፕላን የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም።

ከፍታም የራሱ ተጽዕኖ አለው። እንደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ያንኑ ግዝፈት አየር በሽንሽኖቹ መካከል ለማሳለፍ የበለጠ ግፊት ይጠይቃል። ተራ ሞተር በዚያ ከፍታ አቅሙም ስለሚቀንስ ሙቀቱ አብሮ ይወርዳል። ተርቦ የተገጠመለት ሞተር ግን አቅሙን ስለሚጠብቅ ከፍ ባለ ቁጥር ለማብረድ ይከብዳል።

መለካት

ግምትን የሚተካው መሣሪያ ርካሽ ነው፦ መሐሉ ወደ ታች ታጥፎ ሁለት ጫፎቹ ወደ ላይ የቆሙ፣ ቀለም የገባበት ውኃ የያዘ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ። አንደኛው ጫፍ ከሲሊንደሮቹ በላይ ካለው ክፍል፣ ሌላው ከታችኛው ክፍል ጋር ሲገናኝ የውኃው ከፍታ ልዩነት ሽንሽኖቹ ላይ ያለውን ግፊት ያሳያል። ከላይ የጠቀስነው 1,240 ፓስካል 12.7 ሴንቲሜትር ውኃ ነው።

ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ከውጪው አየር ግፊት ጋር ማነጻጸር ደግሞ ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል። በላይኛው ክፍል ግፊቱ ዝቅ ካለ መግቢያው ወይም የባፍሉ ጎማ ይመረመራል። የላይኛው ጥሩ ሆኖ የታችኛውም ከፍ ካለ አየሩ መውጫ አጥቷል፤ በዚህ ጊዜ መግቢያን ማስፋት ምንም አይፈይድም። የሁለቱ ልዩነት በቂ ሆኖ ሲሊንደሮቹ ከጋሉ ደግሞ የባፍሉ አገጣጠም፣ የነዳጅ ድብልቁ ወይም የካንዴላው የእሳት ጊዜ መታየት አለበት።

ሌሎች አቀማመጦች

በ1975 የበረረው የበርት ሩታን ቫሪኢዚና በ1979 የተከተለው ሎንግ-ኢዚ ሞተራቸው ከኋላ ነው። አየሩ ከሆዱ ሥር ገብቶ በሲሊንደሮቹ መካከል ወደ ላይ ያልፋል። በዚህ አቀማመጥ አየሩ መግቢያው ዘንድ እስኪደርስ የአውሮፕላኑን ገላ ታክኮ ስለሚመጣ፣ ከገላው አጠገብ ያለው ንብርብር ፍጥነቱን አጥቷል። በፕሮፔለሩ ነፋስም አይታገዝም።

ሮታክስ 912 ደግሞ ቅይጥ ነው፤ የሲሊንደር ራሶቹ በፈሳሽ፣ ሲሊንደሮቹ በአየር ይቀዘቅዛሉ። ከመኪና የተወሰዱ ሞተሮች በአብዛኛው በፈሳሽ ብቻ ይቀዘቅዛሉ። ፈሳሹ ከሲሊንደር ራስ እጅግ ያነሰ ሙቀት ስላለው ራዲያተሩ ሰፊ ገጽ ያስፈልገዋል፤ በምትኩ ግን ሠሪው ራዲያተሩን የፈለገበት አስቀምጦ የመግቢያውንና የመውጫውን ቅርጽ በነጻነት ሊወስን ይችላል። ይህን ዕድል የሚያጠፋው ራዲያተሩን መተላለፊያ ሳይሠሩለት በነፋስ ላይ ማንጠልጠል ነው፤ በዚያ ጊዜ አብዛኛው አየር በራዲያተሩ ከማለፍ ይልቅ ዙሪያውን ይሸሻል።