ዋንጫ ፍለጋ ባሕር መሻገር፦ ከሞንቴቪዴዮ እስከ ኔልስፕሩት

በጁላይ 1930 መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ አርጀንቲናውያን ቦነስ አይረስ ወደብ ላይ መርከብ ተሳፈሩ። የሚሄዱት ሩቅ አልነበረም። ሪዮ ዴ ላ ፕላታ የሚባለውን እንደ ባሕር የሰፋ የወንዝ አፍ ተሻግረው ሞንቴቪዴዮ መድረስ ነው። እዚያ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አለ፤ አርጀንቲና ከኡራጓይ። ግን ውሃው ላይ ከባድ ጉም ወረደ። መርከቦቹ ዘገዩ። የተወሰኑት ደጋፊዎች ሲደርሱ ጨዋታው አልቋል፣ ቡድናቸውም 4 ለ 2 ተሸንፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቅ ውድድር በመጣ ቁጥር "ኳስ ለማየት አገር አቋርጦ መሄድ ተገቢ ነው ወይ?" የሚለው ክርክር ይነሳል። አንዱ ብሩን ያነሳል። ሌላው ደህንነቱን። ሌላው ደግሞ "የዚያ አገር መንግሥት በሰው ላይ እንዲህ እያደረገ ለምን ገንዘቤን እወስድለታለሁ?" ይላል። እኔ ሶፍትዌር ሠርቼ የምኖር ሰው ነኝ፣ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ሲያስቸግረኝ ወደ ኋላ እየሄድኩ የት እንደጀመረ መፈለግ የሥራዬ ልማድ ነው። ይህንን ክርክር ወደ ኋላ ስከተለው ያገኘሁት ይህ ነው፦ "ልሂድ ወይስ ልቅር?" ብሎ መጠየቅ ራሱ ለሁሉም ሰው የተሰጠ ዕድል አይደለም። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ውጭ አገር ቡድኑን የሚደግፈው አብዛኛውን ጊዜ ለኳስ ብሎ የሄደ ሰው አይደለም።

ሁለት ሳምንት በመርከብ

ኡራጓይ የ1930ውን ውድድር ያገኘችው በ1924 እና በ1928 የኦሎምፒክ እግር ኳስ አሸናፊ ስለነበረች፣ እንዲሁም ሕገ መንግሥቷ የጸደቀበትን መቶኛ ዓመት ልታከብር ስለነበረ ነው። የቡድኖቹን የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪ እሸፍናለሁ አለች። እንዲያም ሆኖ ከአውሮፓ የሄዱት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው፦ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ሮማኒያ እና ዩጎዝላቪያ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ "ኮንቴ ቬርዴ" በምትባል አንዲት መርከብ ተሳፍረው ነው የሄዱት። የፊፋው ፕሬዚዳንት ዡል ሪሜ ከነዋንጫው አብሯቸው ነበር። መርከቧ መንገድ ላይ ሪዮ ቆማ የብራዚልን ቡድንም ጫነች። ጉዞው ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ።

እስቲ አስቡት፤ የፓሪስ የፋብሪካ ሠራተኛ ለመሄድ ሁለት ሳምንት፣ ለመመለስ ሁለት ሳምንት፣ መሐል ላይ ደግሞ ውድድሩ። ማን ፈቃድ ይሰጠዋል? ስለዚህ ያኔ "ተጓዥ ደጋፊ" ማለት ወንዙን የሚሻገር ጎረቤት ማለት ነበር።

ጎረቤት ደግሞ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። በፍጻሜው ቀን ወደ ሴንቴናሪዮ ስታዲየም የሚገቡ ሰዎች መሣሪያ እንዳይዙ በር ላይ ይፈተሹ ነበር። ቤልጂየማዊው ዳኛ ጆን ላንጌነስ ለደህንነቱ ዋስትና ካልተሰጠው እንደማያጫውት አሳወቀ፤ ጨዋታው እንዳለቀም በፍጥነት ወደ መርከብ መሄድ መቻሉን አረጋገጠ። ማዶ ቦነስ አይረስ ውስጥ ደግሞ የተናደዱ ሰዎች የኡራጓይን ቆንስላ በድንጋይ ደበደቡ። እንግዲህ "ሄጄ ጉድ ብሆንስ?" የሚለው ፍርሃት ከውድድሩ እኩል ነው የተወለደው።

መሄድ ኃጢአት የሆነበት ዓመት

በ1978 ጥያቄው መልኩን ቀየረ። አውሮፕላን አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ገንዘብ ያለው አውሮፓዊ መሄድ ይችላል። ያኔ "መቻል እችላለሁ፣ ግን መሄድ ይገባኛል?" የሚለው መጣ።

አዘጋጇ አርጀንቲና ነበረች። በማርች 1976 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ቪዴላ ወታደራዊ መንግሥት ሰዎችን ከቤታቸው እያፈነ ደብዛቸውን ያጠፋ ነበር። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች በዚያ ዘመን የጠፉትን እስከ 30,000 ያደርሷቸዋል። ኤስማ የሚባለው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ዋና ከሚባሉት የማሰቃያ ቦታዎች አንዱ ነበር፤ ፍጻሜው ከተካሄደበት ከሞኑሜንታል ስታዲየም በእግር የሚደረስ ነው። ታሳሪዎቹ የተመልካቹን ጩኸት ይሰሙ ነበር።

ፈረንሳይ ውስጥ "አንሂድ" የሚል ዘመቻ ተነሳ። ሆላንድ ውስጥ ፍሬክ ደ ዮንገ እና ብራም ፌርሜውለን የተባሉ ሁለት የመድረክ ሰዎች ቡድናቸው እንዳይሄድ ቀሰቀሱ። የሆላንድ ቡድን ግን ሄደ፣ ለፍጻሜም ደረሰ፣ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 1 ተሸነፈ።

"መሄድ ጥሩ ነው" የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ አላቸው። ውድድሩ የተከፈተው ጁን 1 ቀን ነው፤ ሐሙስ ዕለት። ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች ነጭ ሻሽ አስረው በየሳምንቱ ፕላሳ ደ ማዮ አደባባይ የሚሰበሰቡትም ሐሙስ ነው። የዓለም ካሜራ ወደ መክፈቻው ጨዋታ ሲዞር፣ የሆላንድ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች አደባባዩ ላይ ተገኝተው እናቶቹን ቀረጹ። ሴቶቹ እያለቀሱ፣ ልጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ማወቅ ብቻ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ያ ምስል ዓለምን ዞረ። ሁሉም ቢቀር ኖሮ ማን ይቀርጸው ነበር?

ግን ሌላም ታሪክ አለ። አርጀንቲና ዋንጫውን በወሰደችበት ሌሊት የኤስማ ጠባቂዎች ግራሲየላ ዳሌዎ የተባለችን ታሳሪ በመኪና ጭነው ደስታውን ሊያሳዩዋት ወጡ። በመኪናው ጣሪያ መስኮት ራሷን አውጥታ መንገዱን የሞላውን ሕዝብ አየች። ይጮኻል፣ ይዘፍናል፣ ይዘላል። "እኔ የጠፋሁ ሰው ነኝ" ብላ ብትጮህ እንኳ ማንም እንደማይሰማት ያን ጊዜ እንደገባት በኋላ መስክራለች።

ሁለቱም እውነት ናቸው። ካሜራ የያዘው እንግዳ አየ፤ መንገድ የሞላው ደስተኛ ሕዝብ አላየም። ስለዚህ መሄድ ብቻውን ምስክርነት አይሆንም። ሄዶ ከስታዲየሙ ወጣ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

እኛ ደግሞ ይህንን የሌላ አገር ታሪክ ብቻ አድርገን ባናየው ጥሩ ነው። አርጀንቲና ከማዘጋጀቷ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ተካሂዷል። አዘጋጁ ደርግ ነበር፤ 60ዎቹ ባለሥልጣናት ከተረሸኑ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። ሞሮኮ ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ አንስታ ሄደች። ያኔ አንድ ጊኒያዊ ወይም ግብፃዊ ደጋፊ "ልሂድ ወይስ ልቅር?" ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለት ነበር? እኔ "ና" የምለው ይመስለኛል። "ና፣ ግን ኳሱን ብቻ አይተህ አትሂድ።"

ኔልስፕሩት

ለረጅም ዘመን የኛ ደጋፊ ለትልቅ ውድድር መጓዝ አላስፈለገውም። በ1962፣ በ1968 እና በ1976 ዋንጫው ራሱ ነው እኛ ዘንድ የመጣው። ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆንን። ከ1982ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ግን በሩ ተዘጋብን። እስኪከፈት 31 ዓመት ፈጀ።

በኦክቶበር 2012 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ነው፤ ከሜዳ ውጭ ባገባነው አለፍን። የሰፈራችን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው ያመሸው።

ከዚያ ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር፣ ኔልስፕሩት በሚገኘው ምቦምቤላ ስታዲየም፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2013፤ ልክ በ1962ቱ ድል ዕለት፣ ከ51 ዓመት በኋላ። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ናት። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ አገባች። ከዚያ በ10 ሰው የሚጫወተው ቡድናችን በአዳነ ግርማ ጎል አቻ ሆነ።

ቲቪ ላይ ስናይ ከጎሉ እኩል ያስደነቀን መቀመጫው ነው። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሞልቶታል። "ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?" ተባባልን።

ከአዲስ አበባ የበረሩ ነበሩ፣ ልክ ነው። አብዛኛው ግን ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ ነው የመጣው። ከጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ጎዳና ላይ ሱቅ ካላቸው፣ በየታውንሺፑ ዕቃ ከሚያዞሩት። ብዙዎቹ የሆሳዕናና የከምባታ ልጆች ናቸው። በሞያሌ ወጥተው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ ወይ በሞዛምቢክ አቆራርጠው፣ ለደላላ ከፍለው፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ ታስሮ የደረሱ። በሜይ 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ሲሞትና ሱቆች ሲዘረፉ እዚያው የነበሩም አሉባቸው።

ከሰፈራችን የሄደ አንድ ልጅ ከነሱ መሐል ነበር። ሱቁን ዘግቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር መኪና ተከራይቶ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው ሄዱ። በማግስቱ እናቱ ጋ ደወለ። "ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? ድምፅህ ተዘግቷል" አሉት። "አይ እማዬ፣ ስጮህ ነው የዋልኩት" አለ። ያ ልጅ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው የያዘው። አባቱ ሲሞቱ መምጣት አልቻለም፤ ቢመጣ መመለሻ የለውም። ወደ አገሩ መግባት ያልቻለ ሰው፣ አገሩ የሆነ ነገር በመኪና የሚደረስበት ቦታ ድረስ መጣለት።

ሁሉም ነገር አምሮ ነበር ለማለት አይደለም። ከቀይ ካርዱ በኋላ ከኛ ደጋፊዎች መካከል ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ የወረወሩ ነበሩ፤ ጨዋታው ተቋረጠ፤ ካፍም ፌዴሬሽናችንን ቀጣ። ውጤቱም አልቀናንም። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸንፈውን ወጣን። እንግዲህ ለዚያ ልጅ "መሄድህ ትርፍ ነበረው ወይ?" ብላችሁ በሒሳብ ጠይቁት እስቲ።

በሩ ላይ ያለው ኮድ

አሁን ጥያቄው ሌላ ገጽታ ይዟል። ሩሲያ በ2018 "ፋን አይዲ" የሚባል ካርድ አወጣች፤ ቲኬት ገዝተህ ካርዱን ካገኘህ ያለ ቪዛ ትገባለህ። ከአፍሪካ ይህንን እንደ ስደት በር ያዩትና ውድድሩ ሲያልቅ ሞስኮ ላይ መመለሻ አጥተው የቀሩ ወጣቶች ነበሩ። ኳታር በ2022 "ሀያ" ካርድን አመጣች። እዚያ ደግሞ ነዋሪ ለሆኑ ሰዎች በ40 ሪያል የሚሸጥ ቲኬት ነበር፤ ማለትም ስታዲየሙን የሠራ ሠራተኛ በወጉ ገዝቶ ሊገባ ይችላል። ፈረቃው ከፈቀደለት።

የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለሜክሲኮ ተሰጠ። በጁን 2025 የወጣው የአሜሪካ አዋጅ የ12 አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከነሱ መሐል ኢራንና ሄይቲ አሉ፤ ጎረቤቶቻችን ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳንም። ለትልልቅ ውድድሮች የሚሄዱ ተጫዋቾች፣ አሠልጣኞችና የቅርብ ቤተሰቦቻቸው ከክልከላው ነጻ ናቸው። ደጋፊው ግን አይደለም። ሄይቲ ከ1974 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች፤ ፖርቶ ፕሬንስ ያለው ደጋፊ ግን አዲስ ቪዛ አያገኝም። ስለዚህ ለሄይቲ የሚጮኸው ቀድሞ የተሰደደው፣ ማያሚና ኒው ዮርክ ያለው ወገኗ ነው። የኔልስፕሩት ታሪክ ነው፣ በሌላ ባንዲራ።

በኔ ሥራ አንድ ሲስተም ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የመጀመሪያ ገጹን አናነብም። "እንኳን ደህና መጡ" ማለትን ማንም ይጽፈዋል። የምናየው ከጀርባው ያለውን ኮድ ነው፤ ማንን ያስገባል፣ ማንን ይመልሳል። አዘጋጅ አገርንም እንደዚያው ማየት ይሻላል።

የኔ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። መሄድ የምትችሉ ሂዱ። የቤት ኪራይ ብር አታውጡበት፣ አትበደሩለት። ከመሄዳችሁ በፊት ያንን ስታዲየም ማን እንደሠራው፣ ከሱ ብዙም ሳይርቅ ማን እንደታሰረ አንብቡ። ከጨዋታው ማግስት አንድ ቀን ጨምሩና ከተማውን በእግር እዩ። የኛ ሰው አይጠፋም፤ ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ጥበቃ ላይ ታገኙታላችሁ። ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡና እንዴት እንደመጣ ጠይቁት። ከቤት ስትወጡም ለእናቱ የሚላክ ዕቃ ወይም መልእክት እንዳለው ጠይቁት፤ እናንተ መመለስ ትችላላችሁ።