ጉልቻው ሲለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያልተባለበት የሥልጣን ለውጥ በዚህች አገር የለም። ሹም ሲሻር ይባላል፣ ካቢኔ ሲበወዝ ይባላል፣ ፓርቲ ስሙን ሲቀይር ይባላል። ተረቱ ስለ ወጥ ጣዕም እውነቱን ተናግሯል። ስለ ማገዶ ወጪ ግን ምንም አላለም። የአዲስ አበባን ጓዳ ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ላየው፣ የከተማው ሰው ትልቁን ቁጠባ ያገኘውም ያጣውም ጉልቻው በተለዋወጠ ቁጥር ነው።

ኑሮ ሲወደድ የሚሰማው ምክር ሌላ ነው። ከክፍል ስትወጣ መብራት አጥፋ፣ ቻርጀር ንቀል፣ አስቤዛ በዝርዝር ግዛ። ክፋት የለውም፤ ግን ሒሳቡ ይሠራ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይቋረጥ ቢጋገርበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። በዚያው ኃይል ባለ 9 ዋት አምፖል ከ550 ሰዓት በላይ ይበራል፤ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ከሦስት ወር ተኩል በላይ ማለት ነው። አንድ ጋገራ እንግዲህ የአንድ ክረምት መብራት ነው። መካሪዎቹ አምፖሏ ላይ የሚያተኩሩት የሚቀመጡት ሳሎን ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ የወረደችው ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረውን ጥድና ወይራ አንድዳ ጨረሰች። ድሮ እንጨት ሲያልቅ መናገሻው ይነሣል። በ1893 ዓ.ም. አካባቢም ዳግማዊ ምኒልክ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ዋና ከተማዋ ለእንጀራ መጋገሪያ በሚሆን እንጨት እጦት ልትነሣ ጥቂት ቀርቷት ነበር ማለት ነው። ያስቀራት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ፍየል አትነካውም። ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ተከለው፤ ግንዱን ለቤት፣ ቅርንጫፉን ለምድጃ፣ ቅጠሉን ለምጣድ አዋለው። ውኃ ይመጥጣል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. እንዲነቀል አዋጅ ቢወጣም ሰሚ አላገኘም። ማገዶ ከመግዛት የዳነ ሰው ዛፉን እንዴት ይነቅላል? አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማዋ ርካሽ ማገዶ አገኘች ሲባል ግን፣ ርካሽ ያደረገው ዛፉ ብቻ አይደለም። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። በየመንገዱ የደን ጠባቂ ያስቆማቸዋል፤ የለቀሙት ቅጠል ይወሰድባቸዋል፣ አለዚያ ይከፍላሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና የገቡት ሴቶች ማኅበር እስኪመሠረት ድረስ ስለ እነሱ የሚያነሣ ብዙ አልነበረም። መሐል ከተማ ያለችው እናት በአንድ እስር ላይ ያተረፈቻት ሳንቲም ከዚያች ሴት ወገብ የተቀነሰች ናት።

ቀጥሎ የነዳጅ ዘመን መጣ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ሾፌሮች በቤንዚን ጭማሪ ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት አብሮ ተናጋ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ መንግሥታት የነዳጅን ዋጋ በፍርሃት ነው የያዙት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ በከተማዋ ዙሪያ የነበረው የግለሰቦች ባሕር ዛፍም አብሮ ሄደና ማገዶ ተወደደ። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና በኩፖን ሲያድል፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ላምባ ቦታ ያዘ። ዋጋው በመንግሥት የተያዘ ስለነበር ወጡም ቡናውም ወደ ላምባ ምድጃ ዞረ። ጭስ የለ፣ ከሰል ማራገብ የለ።

እንጀራ ግን በላምባ አይጋገርም። የምጣዱ ስፋት ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ እሳቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልደረሰው እንጀራው ዓይን አያወጣም። የአገሪቱ ቤቶች ከሚያነዱት ማገዶ ከግማሽ በላዩ የሚያልቀው በዚሁ ምጣድ ሥር ነው ይባላል። ስለዚህ ላምባ የነበረውም ቤት ለጋገራ ቅጠል፣ ጭራሮ ወይም ሰጋቱራ ከመፈለግ አልዳነም። ቁጠባውም በአጋገሩ ላይ ነበር። የሦስትና የአራት ቀን እንጀራ በአንድ ግለት ማውጣት፣ ጎረቤት አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ምጣዱ ሳይበርድ ሊጧን ይዛ መድረስ፣ በቀረው ትኩሳት ቆሎ መቁላት፣ የተረፈውን እንጀራ ድርቆሽ ማድረግ። ይህን ማንም «የኢነርጂ ቁጠባ» ብሎ አልሸለመውም፤ ሙያ ነው የተባለው።

መሐንዲሶች ወደ ምድጃው የመጡት ዘግይተው፣ በ1980ዎቹ ነው። በኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ በምጣዱ ዙሪያ የሚገጣጠም ነው። ሦስቱን ጉልቻ አስወግዶ እሳቱን ሲዘጋው የጋገራ ማገዶን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ከኬንያው ጂኮ የተቀዳችው፣ ውስጧ ሸክላ ውጪዋ ቆርቆሮ የሆነችው «ላቀች» ደግሞ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። ኋላ «ትክክል» የሚባልም መጣ። (ከስማቸው መረዳት እንደሚቻለው የእናቶችን ምድጃ ስህተት ያሉት ሰዎች ትሕትና አልበዛባቸውም።) ያም ሆኖ ሥራቸው ሥራ ነበር። ላቀች በየገበያው የገባችው በዘመቻ ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ አትርፈውባት ሲሸጧት ነው። ገዢዋም ያወጣችውን በከሰል መልሳ አገኘችው።

የላምባው ዘመን በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ተዘጋ። ከዚያ በፊት በሐምሌ 2000 ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ አልፎ ነበር፤ መንግሥት ስንዴ ከውጭ እያስገባ ለከተማ ነዋሪ በቅናሽ ይሸጥ ነበር። በዚያው ሰሞን የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ ላምባ ዘለለ። የመካከለኛው ቤት ወደ ኤሌክትሪክ ሲገፋ፣ የሌለው ቤት ወደ ከሰል ተመለሰ፤ ከሰሉ ደግሞ የመጣው ከየክልሉ ደን ነው። አንድ የበጀት መስመር ሲስተካከል አንድ ጫካ ወደቀ። ይህን በወቅቱ በሒሳብ ያስገባ ሰው ካለ ድምፁ አልተሰማም።

አሁን ያለንበት የምጣድ ዘመን ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ኃይል አለ። ታሪፉ ግን በደረጃ የተከፈለ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ እየጨመረ ይሄዳል። ሐሳቡ ለድሃ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀመው ድሃው ነው ከሚል ግምት። ግምቱ የረሳው ግቢውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለአከራይም፣ በየሰርቪሱ ላሉ አራትና አምስት ተከራዮችም ያገለግላል። የእያንዳንዱ ፍጆታ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን ቆጣሪው ውድ ወደሆነው ደረጃ ይወጣል። ባለ ቪላው በራሱ ቆጣሪ ከሚከፍልበት ደረጃ ባላነሰ፣ በአንድ ክፍል የሚኖሩት ባልና ሚስት ለሻይ ማፍያ ይከፍላሉ።

አከራዩም መላ አለው። ቤት ሲያሳይ አስቀድሞ ይናገራል፦ «ምጣድ አይቻልም።» ከእሱ በኩል ካየነው አይፈረድበትም፤ ቢሉ በስሙ ይመጣል። ተከራይዋ ግን ከሱቅ እንጀራ በቁጥር ትገዛለች። ጤፍ በኪሎ ገዝታ፣ አስፈጭታ፣ አብኩታ ብትጋግር የሚተርፋት ገንዘብ በየቀኑ ለነጋዴው ይሄዳል። ምጣዷ ከእናቷ ቤት የመጣ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ያለ ሊሆን ይችላል። ለእሷ ሚሊዮኖችን አድኑ ከሚለው ዘመቻ ይልቅ የሚቀርባት ነገር ለየክፍሉ የሚገጠም አነስተኛ ቆጣሪ ነው፤ አሁን ያለው አሠራር ደግሞ ቆጣሪ የሚያስገባው በባለይዞታው ስም ነው።