የተከዜ መርዝና የቶኪዮ መርዝ

መጋቢት 11 ቀን 1987 ዓ.ም. ጧት በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ አምስት ሰዎች በምድር ውስጥ በሚሄዱት ባቡሮች ተሳፈሩ። እያንዳንዳቸው ሳሪን የተባለውን መርዝ በላስቲክ ከረጢት ይዘው ነበርና ከረጢቱን በጃንጥላቸው ጫፍ ወግተው ወረዱ። ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ5,000 በላይም ታመሙ። ሰዎቹ ኦም ሺንሪክዮ የሚባል የሃይማኖት ማኅበር አባሎች ነበሩ። መሪያቸው ሾኮ አሳሃራ የዓለም ፍጻሜ በጦርነት እንደሚመጣና የሚድኑትም ተከታዮቹ እንደ ሆኑ ያስተምር ነበር። ማኅበሩ የበሽታ ተሕዋስያንን አራብቶ ለመበተንም ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቷል። መርዙን የቀመሙት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው እኛን ተማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖናል።

ስለ መርዝ ሽብር በተነሣ ቍጥር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ የቶኪዮ ነገር ነው። እኛ የጎጃም ልጆች ግን ታሪኩን ከተከዜ ብንጀምረው ይሻላል እንላለን።

የኢጣልያ ፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ የጎጃም ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ሠራዊት አስከትለው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ከዘማቹ ብዙው ማረሻውን ትቶ የወጣ ባላገር፣ እግሩም ባዶ ነበር። ይህን ባዶ እግር አንባቢ ልብ ይበልልን። ታኅሣሥ 13 ቀን ጧት ሠራዊቱ በተከዜ አጠገብ ሳለ ኤሮፕላኖች መጡ። ሠራዊቱ ቦምብ ለምዶ ነበርና ብዙም አልደነገጠም። ነገር ግን በዚያን ቀን የወረደው በርሜል የመሰለ ነገር ነበር፤ መሬት ወይም ውሃ ሲነካ እየተሰበረ ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ የነካው ሰው እግሩም፣ እጁም፣ ፊቱም ውሃ እየቋጠረ በሥቃይ ይጮኽ ጀመር። ወደ ወንዙ የሮጠውም ውሃው ራሱ ተመርዞ ጠበቀው። ራስ እምሩ ይህን ሁሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ለኢጣልያዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ ሲነግሩት፣ ሰዎቻቸውን ምን ብለው እንደሚያዝዙ ግራ ገብቷቸው እንደ ነበር አልሸሸጉም።

መርዙ ኢፔሪት ወይም የሰናፍጭ ጋዝ ይባላል። በሣርና በቅጠል ላይ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል ጫማ የሌለውን ሰው ሁለት ጊዜ ይመታዋል፤ አንድ ጊዜ ከሰማይ ሲወርድ፣ ሁለተኛ በላዩ ሲራመድበት። በኋላ ከተጣሉት ትልልቅ ቦምቦች አንዱ ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ መርዝ ይይዝ ነበር። ኢጣልያ ግን ይህን መሣሪያ በሚከለክለው በ1917ቱ የዠኔቭ ስምምነት ገብታ ነበር፤ ሙሶሊኒም ይህን እያወቀ በቴሌግራም ፈቀደ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ስፍራ የተጠለሉት አርበኞች ከነቤተ ሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝ ተመቱ።

አሳሃራ በሁለት ወር ውስጥ ተይዞ፣ ተፈርዶበት፣ በ2010 ዓ.ም. ተሰቀለ። ስለ ተከዜው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዠኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ቢያመለክቱም፣ የጦር አዛዡ ባዶልዮ ለዚህ ሥራው ሳይከሰስ በአገሩ ሞተ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከቶኪዮው ሽብር አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ ማለት ነው። በወጣትነቱ በዚያ ጦርነት የዘመተውና ዴል ቦካን ለብዙ ዓመት ሲሞግተው የኖረው ጋዜጠኛ ሞንታኔሊም ያን ጊዜ ስሕተቱን አመነ። በኛ አስተያየት የዘገየበት ምክንያት አንድ ነው። የቶኪዮው ገዳይ ወዳጅ የሌለው ማኅበር ነበር፤ የተከዜው ገዳይ ግን መንግሥት ነበር፣ ያውም ሥልጣኔ አመጣሁ የሚል።

ጠላት በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. የቡሬን ምሽግ ለቆ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ ሲሸሽ ያሳደዱት አርበኞች ስማቸው በአካባቢያችን ይነሣል፤ የሚገባም ነው። በቶኪዮም የባቡር ጣቢያው ሠራተኞች በየዓመቱ ያን ቀን ቆመው በጸጥታ ያስባሉ። ታኅሣሥ 13 ግን በአገራችን ደወል ሳይደወልለት ያልፋል።