ያረጀ የሚመስለው ቢላዋና የተናቀው ባለእጅ

እዚህ አሜሪካ የአደን ቢላዋ በትዕዛዝ የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ የሚያስገርም ነገር ይጠይቃል። ቢላዋው አዲስ ሆኖ ሳለ የቅድመ አያት ውርስ እንዲመስልለት ይፈልጋል። እኔም መሐንዲስነቴ እንዳለ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዤ ውስጥ ይህንኑ እሞክራለሁ።

አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ካርቦን ያለበት ብረት ማግኔት እስከማይስበው ድረስ ይግላል፤ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። ወዲያው ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን 200 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ እንደገና ይበስላል። ማስረጀቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምጣጤ ላዩን በልቶ ያጠቁረዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ጫፍ ጫፉ ያበራል፣ የአጋዘን ቀንድ እጀታውም በወፍራም ሻይ ተነክሮ ይጠይማል። የመቶ ዓመት መልክ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ሙያ እዚህ የተከበረ ነው። የሜሪላንዱ ዊሊያም ሞራን ብረቶችን በእሳት አጣብቆና አጣጥፎ የቀጠቀጣቸውን «ደማስቆ» የሚባሉ ቢላዋዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ለዕይታ አቀረበ፤ በ1976ም ከባልደረቦቹ ጋር የአሜሪካ ስለት ቀጥቃጮች ማኅበርን መሠረተ። ማኅበሩ ማዕረግ የሚሰጠው ፈትኖ ነው። ስለቱ የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ ጣውላ ሁለት ጊዜ መቁረጥ፣ ከዚያም ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም።

እኛስ? ይህንኑ ሥራ በወናፍና በከሰል፣ ቴርሞሜትር ሳይኖረው የግለቱን ቀለም በዓይኑ ለይቶ የሚሠራውን ሰው ምን ብለን ጠራነው? ጠይብ፣ ቡዳ። ማረሻውንና ጦሩን ከእጁ እየተቀበልን ከቤቱ መጋባትን ግን ተጸየፍን። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ርስት ተነፍገው በብረትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ይወራባቸው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን አልቀረም።

በዚያው ዘመን የመኳንንቱን ወገብ ካስጌጡት ጎራዴዎች ብዙዎቹ የአማርኛ ጽሑፍና የይሁዳ አንበሳ ቢቀረጽባቸውም ስለታቸው የመጣው ከጀርመኗ ዞሊንገን ነው። እርግጥ ነው፣ የእጅ ሥራ ከፋብሪካ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ነገር ግን ዞሊንገን ራሷ ከፋብሪካው በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የቀጥቃጮች ከተማ ነበረች። ፋብሪካው የበቀለው ከባለእጁ ጎጆ ነው። እኛ ሥሩን እየነቀልን ፍሬውን ከባሕር ማዶ ገዛን።

ስለሆነም ለክረምት ዕረፍት ወደ ሀገር ቤት የምትሄዱ ወገኖቼ፣ በተለይም መሐንዲሶች፣ ከላሊበላና ከፋሲል ግንብ ጉብኝት በኋላ ለአንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ግማሽ ቀን ስጡት። የትኛውን ከሰል እንደሚመርጥ፣ ብረቱ ምን ሲመስል ከእሳት እንደሚያወጣው፣ በምን እንደሚነክረው ጠይቃችሁ ጻፉ። በቅድሚያ ግን ስሙን ጠይቁት። እኛ ኮምጣጤ ቀብተን የምንኮርጀው እርጅና በእርሱ እጅ ላይ የእውነት አለ፤ እርሱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል።