የአባቴ በገና እና የተልባ ዘይት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ የአያቱን በገና ፎቶ ላከልኝና «ቲቸር፣ እንደ ቫዮሊን እንዲያብረቀርቅ ቨርኒሽ ላስቀባው ወይ?» አለኝ። «ኧረ ቆይ!» አልኩት። ምክንያቴ ይኸው።

ልደታ ባደግኩበት ቤት የአባቴ በገና ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። አባቴ የሚያወርደው በሁዳዴ ነው። ደርግ ሲመጣ በገናው ከቁም ሳጥን ጀርባ ገባ። ዘመኑን የኖራችሁት ታስታውሱታላችሁ፤ በገና ከሬዲዮ ጠፋ። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩትን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በ1972 ዓ.ም. ገደማ እሱም ቆመ። ስንት ቤት ውስጥ ስንት በገና እንዲሁ ተደብቆ እንደደረቀ እግዜር ይወቀው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ አባቴ በገናውን አወጣው። ዋንዛው ፈዟል፣ ጅማቶቹ ተበጥሰዋል፣ አንዱ ምሰሶ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነኝ፤ ቶሎ እንዲያበራ ፈለግኩ። ከዚያ በፊት ክራሬን አንድ ቤት ወስጄ ቨርኒሽ አስቀብቼ ነበር። መስታወት መሰለ፤ ግን ቆዳው ላይ ሳይቀር ስለቀቡት ድምፁ ታፈነ። እሱን ያየ አባቴ በገናውን ለእኔ አልሰጠኝም። ለጎረቤታችን፣ ለሽማግሌው አናጢ ሰጠው።

እሳቸው መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለው በስሱ ፈገፈጉት። ከዚያ የተልባ ዘይት በአኳራጅ አቅጥነው በጥጥ ጨርቅ አሹት። ጥቂት ጠብቀው የተረፈውን ጠረጉ። ከዚያ ቀናት መጠበቅ፣ እንደገና መቀባት፣ እንደገና መጥረግ። እኔ ስቸኩል «ልጄ፣ እንጨት ጠጥቶ ነው የሚያምረው» አሉኝ።

ነገሩ ሳይንስ አለው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። ወፍራም ቅብ ከላዩ ይቆረፍድና ከሥሩ ይለጠልጣል። ቅቤ ደግሞ ከነጭራሹ አይደርቅም፤ አቧራ ይሰበስባል እንጂ። ብርሃኑ የሚመጣው ከብዙ ስስ ቅብ ነው።

ስለ ቫዮሊን ካነሳን፣ የክሬሞናው ስትራዲቫሪ (እ.ኤ.አ. 1644–1737) ምስጢራዊ ቨርኒሽ ነበረው ተብሎ ስንት ተወራ። እ.ኤ.አ. በ2009 የፈረንሳይና የጀርመን ተመራማሪዎች ፓሪስ የሚገኙ አምስት መሣሪያዎቹን መርምረው ያገኙት፣ ከሥር የሚደርቅ ዘይት፣ ከላይ ዘይትና የጥድ ሙጫ፣ በአንዳንዶቹም ቀይ ቀለም ነው። ዘይቱ የተልባ ዓይነት ነው! እኛ በጾም የምንጠጣት፣ አገራችን ከጥንት የምታበቅላት ተልባ።

ከሳምንታት በኋላ በገናው ተመለሰ። መስኮት አጠገብ ሲቆም የዋንዛው መስመር ከውስጥ ያበራል። አባቴ 10 ጅማት አዲስ አሰረለት፣ እንዚራዎቹን አስተካከለ። በሚቀጥለው ሁዳዴ በሩን ሳይዘጋ ደረደረ። ጎረቤት በሩ ላይ ተሰብስቦ ዝም ብሎ ሲሰማ ትዝ ይለኛል።

ዛሬ ያ ሰፈር የለም። ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠራበት፤ ጎረቤቱም ተበተነ። አባቴም አናጢውም አልፈዋል። በገናው ግን እኔ ጋ አለ፤ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ስስ ቅብ አጠጣዋለሁ።

እናም ተማሪዬ፦ ቨርኒሹን ተወው። ዘይቱን እንጨቱ ላይ ብቻ፤ ቆዳውን፣ ጅማቱንና መቃኛውን እንዳይነካ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ አትጣል፤ በራሱ ግሎ እሳት ያስነሳል፣ ዘርግተህ አድርቀው። ከሁሉ በላይ ግን ደርድረው።

እናንተስ? ከቁም ሳጥን ጀርባ የቀረ በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆ ያላችሁ እስቲ አውጡትና ታሪኩን ጻፉልኝ።