ሉኪሚያ ያልገደላቸው አይጦች

ዣክ ሚለር ከአውስትራሊያ ወደ ለንደን የተሻገረው ለምርምር ነበር፤ የደረሰውም የሉኪሚያ ጥናት ነው። በ1931 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ተወለደ። ልጅነቱን ሻንጋይ አሳልፎ፣ በ1941 ከቤተሰቡ ጋር አውስትራሊያ ገባ። ታላቅ እህቱን የሳንባ ነቀርሳ በወጣትነቷ ነጥቆታል፤ ሐኪም የመሆን ፍላጎቱም ከዚያ ሐዘን የመነጨ ነው።

በቼስተር ቢቲ የምርምር ተቋም የተሰጠው ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ፖላርድስ ዉድ ነበር። አይጦቹን ያኖር የነበረው ቀድሞ የፈረስ ጋጣ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ሉድዊክ ግሮስ የተባለ ተመራማሪ፣ ቫይረስ የተወጉ አራስ አይጦች ካደጉ በኋላ ሉኪሚያ እንደሚይዛቸው ኒው ዮርክ ላይ አሳይቶ ነበር። በሽታው የሚነሳው ታይመስ ከምትባለው፣ ከደረት አጥንት ኋላ ከተቀመጠችው ዕጢ እንደሆነም ታውቋል፤ እሷ ከወጣች ሉኪሚያው አይመጣም። ከዚህ በተረፈ የታይመስን ሥራ በውል የሚያውቅ አልነበረም። በዕድሜ እየሟሸሸች ስለምትሄድ ጊዜዋ እንዳለፈባት ትቆጠር ነበር።

ሚለር ቫይረሱ ያለ ታይመስ መባዛት ይችል እንደሆነ ለማወቅ፣ አይጦቹ ገና እንደተወለዱ፣ ቫይረሱን ሳይወጉ ዕጢዋን ማውጣት ነበረበት። አዲስ የተወለደ አይጥ ክብደቱ አንድ ግራም ገደማ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ አይጦቹም ጡት እስኪጥሉ ድረስ ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቹ እየከሱ ሞቱ። ቫይረሱን ያልተወጉትም አብረው ሞቱ።

የሚለር ታላቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የተነሳበት ጥያቄ ስለ ሉኪሚያ ነበር፤ እነዚህ አይጦች ደግሞ ሉኪሚያ ሳይዛቸው ሞተዋል። እንደ ከሸፈ ሙከራ ቆጥሮ ሊጥላቸው ይችል ነበር። እሱ ግን መረመራቸው፤ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ተመናምነው አገኛቸው። ቀጥሎም ታይመስ ለሌላቸው አይጦች የሌላ ዘር አይጥ ቆዳ ተከለላቸው። ጤነኛ አይጥ ባዕድ ቆዳን ብዙም ሳይቆይ ይጥላል። እነዚህ ግን ተቀበሉት፤ በላዩም ፀጉር በቀለ።

ያለ ታይመስ ሰውነት ባዕድን መከላከል እንደማይችል የሚያሳየው ይህ ግኝት በመስከረም 1961 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ ሚለር ያኔ 30 ዓመቱ ነበር። ብዙዎች ግን አላመኑትም። የኖቤል ተሸላሚው ፒተር ሜዳዋር ሳይቀር ሊምፎሳይት በታይመስ ውስጥ መገኘቱ ብዙ ትርጉም የሌለው የዝግመተ ለውጥ አጋጣሚ እንደሆነ ጽፏል። ሌሎች ደግሞ አይጦቹ የታመሙት በቤቱ ንጽሕና ጉድለት ይሆናል አሉ። ሚለር አልተከራከረም፤ አሜሪካ ቤተስዳ ሄዶ ሙከራውን ከጀርም ነፃ በሆኑ አይጦች ደገመው። እነዚህኞቹ አልከሱም፤ ባዕዱን ቆዳ ግን እነሱም አልጣሉም። ስለዚህ ንጹሕ ቤት ከበሽታ ጠብቋቸው እንደሆን እንጂ የጎደላቸውን የመከላከል ኃይል አልመለሰላቸውም።

በኋላ ሜልበርን ላይ ከተማሪው ከግራም ሚቸል ጋር ሊምፎሳይት ሁለት ወገን መሆኑን አሳዩ፤ ግኝታቸውም በ1968 ታተመ። ከታይመስ የሚወጣው ዛሬ ቲ ሴል፣ ከመቅኔ የሚመጣውና ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርተው ቢ ሴል ይባላል። በ2019 ሚለር ከማክስ ኩፐር ጋር የላስከርን ሽልማት ተቀበለ። በእኔ እይታ የዘገየ ሽልማት ነው።

የሽልማቱ ዜና ከመሰማቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 2017፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አዲስ ዓይነት የሉኪሚያ ሕክምና ፈቅዶ ነበር። ሕክምናው የተፈቀደው የቀድሞው መድኃኒት ላልሠራላቸው ወይም በሽታው ላገረሸባቸው ሕፃናትና ወጣቶች ነው። የታማሚው የራሱ ቲ ሴሎች ከደሙ ይወሰዳሉ፤ በቤተ ሙከራ ዘረ መላቸው ይቀየርና ተመልሰው ይሰጡታል። ዒላማቸው ቢ ሴሎች ናቸው፤ ምክንያቱም በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ካንሰሩ የተነሳው ከዚያኛው ወገን ነው።