የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሙያና ሥልጠናው፦ ከቤተ መንግሥት ጄኔሬተር እስከ እጅ ስልክ

ኤሌክትሪክ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ለማብራት በተተከለ ጄኔሬተር ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። ዝርጋታን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ገና አልነበረም፤ ሙያው የሚተላለፈው መሰላል ይዞ፣ መሣሪያ እያቀበለ በዓይኑ ለሚማር ረዳት ነበር። ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ናስትሮ ከጣሊያኖች ተወርሰው ዛሬም በየኤሌክትሪሺያኑ ቦርሳ ከነስማቸው አሉ።

መደበኛው ሥልጠና የተጀመረው አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ። ሕዝቡ መብራት ኃይል የሚለው መሥሪያ ቤት በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ ከትምህርት ዘርፎቹ አንዱ ኤሌክትሪክ ነበር። በዓመቱ ጢስ ዓባይ 11.4 ሜጋ ዋት ማመንጨት ቢጀምርም ኃይሉ በዋናነት የታሰበው ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ለከተማዋ ነው። ያው ዓባይ በደቡብ ጎንደር እስቴንና ስማዳን ታክኮ ሲያልፍ ገበሬው በኩራዝ ያመሽ ነበር። ሙያው ሽቦው በደረሰበት ብቻ ይደርስ ስለነበር ሠልጥኖ የወጣ ልጅ ወደ ጎረቤቱ ጋይንት የሚመለስበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህ መለወጥ የጀመረው የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያ መርሐ ግብር በ1998 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ነው። ምሰሶ በተተከለበት የገጠር ከተማ ሁሉ ቤት ውስጥ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ተፈለገ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ተስፋፍተው ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፈለ፤ ሠልጣኙም ሲኦሲ በሚባለው ምዘና በጽሑፍና በተግባር መፈተን ግድ ሆነበት። ለጋይንት ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም፤ ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ሌላ ቦታ ቢማርም ለምስክርነት ወደ ጋይንት ቤተልሔም መውጣቱ የቆየ ልማድ ነው።

እንደ ጋይንቷ አርብ ገበያ ባለ ከተማ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ለማየት የእንጀራ ምጣድን መውሰድ ይበቃል። 3,500 ዋት የሚጠቀም ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን ለሰዓታት ሲሸከም ይግላል፤ ልባሱ ይለሰልሳል፣ በናስትሮ የተጠቀለለው መገጣጠሚያ ይጠቁራል። ቤቱ በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃና በጭድ የተመረገ ከሆነ እሳቱ የሚነሳው እዚያው ነው። ምጣድ ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ግራውንዱም የዚያኑ ያህል ይታሰብበታል። አፈር ሲደርቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ስለሚጨምር፣ በክረምት ተለክቶ ደህና የነበረ ግራውንድ በድንጋያማው ደጋ ላይ በሚያዝያ ሲለካ ከንቱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ልኬቱ የሚታመነው በበጋ የተወሰደው ነው።

እንዲህ ያለውን እውቀት በርቀት ማስተማር የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስክራንተን በምትባል ከተማ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማዕድን ሠራተኞች ትምህርት በፖስታ ይላክ ነበር፤ ኤሌክትሪክም ብዙ ሳይቆይ ተጨመረ። ዛሬ በዚያው አገር የዝርጋታ ደንቡ በየ3 ዓመቱ ይሻሻላል፤ በብዙ ግዛቶችም ኤሌክትሪሺያኑ ፈቃዱን ለማሳደስ ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ ይህም በኢንተርኔት ሊወሰድ ይችላል። እነዚህን ትምህርቶች ኢትዮጵያዊ ተማሪም ያገኛቸዋል፤ ግን የተጻፉት ምጣድንና የጭቃ ግድግዳን ለማያውቅ አገር ነው። የአሜሪካው ደግሞ በ120 ቮልት ላይ ስለቆመ የሽቦ ውፍረት ስሌቱ እንዳለ አይገለበጥም።

በኢትዮጵያ የርቀት ትምህርት አንዱ ትልቅ ሙከራ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ ነበር። በሳተላይት ይመጣ የነበረው ትምህርት ተማሪውን አይጠብቅም ነበር፤ መብራት ከጠፋ ያለፈው አለፈ ነበር። የእጅ ስልክ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ቪዲዮው ወርዶ ሊቀመጥና ደጋግሞ ሊታይ ይችላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎች ወደ ቴሌግራምና ወደ ኢንተርኔት ትምህርት ዞሩ። በአማራ ክልል ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ፤ አስቀድሞ ያወረደ ሠልጣኝ ብቻ ትምህርቱ በእጁ ቀረ። ለወረዳ ከተማ የሚዘጋጅ ትምህርት በሚሞሪ ካርድ ሊዞር የሚችል፣ አጫጭርና በአማርኛ የተነገረ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

ስልኩ የሚያስተምረው ስሌቱን፣ ንድፉንና ደንቡን ነው። ሽቦ ልጦ ብሎን ማጥበቅ፣ ፌዝና ኒውትራልን በቴስተር መለየት፣ መስመሩ መጥፋቱን ሳያረጋግጡ አለመንካት የእጅ ልምድ ስለሆነ ወርክሾፕና አጠገብ የቆመ አሠልጣኝ ይፈልጋል። የሲኦሲው የተግባር ፈተናም የሚካሄደው እውነተኛ ሰሌዳ ፊት ነው።